ፊት ሲሞላ ሁሉ ድሎት አይደለም

በእኛ አገር ሰው ከርሞ ሲገናኝ አስቀድሞ የሚታየው ፊት ነው። ፊቱ ከሳ ካለ «ምነው፣ ምን አገኘህ?» ይባላል። ጉንጩ ሞላ ካለ ደግሞ «ተመችቶሃል፣ እሰይ!» ይባላል። በስደት ያለነውም ይህንኑ ልማድ ይዘን ነው የመጣነው። ከካርቱም ሁለት ወይም ከደይም ለቤተሰብ ፎቶ ሲላክ፣ እናት ከልብሱም ከቤቱም አስቀድማ የምታየው የልጇን ጉንጭ ነው። ጉንጩ ከሞላ «ልጄስ ደልቷታል» ብላ እፎይ ትላለች።

ታዲያ ፊት የሚሞላው በድሎት ብቻ አይደለም። ከኩላሊት፣ ከእንቅርት ዕጢ፣ ከአለርጂ፣ እንዲሁም ከአንዲት ትንሽ ክኒን ሊመጣ ይችላል። በዚህ ዕትም ስለ ፊት እብጠትና ሥር ስለሰደደ የሰውነት ብግነት ጥቂት ልንላችሁ የወደድነው ስለዚህ ነው።

ብግነት ምንድን ነው?

ሰውነታችን ቁስል፣ ተሕዋስ ወይም የማይስማማው ነገር ሲገጥመው ይቆጣል። ወደዚያ ቦታ ደም ይጎርፋል፤ የቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ ይላላል፤ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ቦታው የሚቀላው፣ የሚሞቀው፣ የሚያብጠውና የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሞች ይህንን ብግነት ይሉታል። ቁስሉ ሲድን ብግነቱም ይበርዳል። አንዳንዴ ግን ሳይበርድ ወራትና ዓመታት ይቆያል። ሥር የሰደደ ብግነት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የዓይን ቆብና ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ስስና ልል ስለሆነ፣ በሰውነት ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ቶሎ የሚያሳብቀው እዚያ ላይ ነው። ሌሊት ስንጋደም ውሃው ወደ ፊት ይመጣል፤ ቀን ስንቆም ወደ እግር ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ጨው የበዛበት ወጥ የበላ፣ ያለቀሰ ወይም እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠዋት ዓይኑ አብጦ ቢነሳና እስከ ረፋድ ቢመለስለት ብዙ አያስደነግጥም። በየቀኑ የሚመላለስ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ የማይለቅ እብጠት ግን ምክንያቱ ሊፈለግለት ይገባል።

ከየት ሊመጣ ይችላል?

አንደኛው ኩላሊት ነው። የኩላሊት ማጣሪያዎች ብግነት ሲይዛቸው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፤ ጨውና ውሃም በሰውነት ውስጥ ይቀራል። ሰውየው ጠዋት ፊቱ፣ ማታ እግሩ ያብጣል፤ ሽንቱ እንደ ሳሙና አረፋ ይሞላል፤ የደም ግፊቱም ይጨምራል። በልጆች ላይ ደግሞ የጉሮሮ ሕመም ወይም የመገለ እከክ ከያዛቸው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ፊታቸው ሊያብጥና ሽንታቸው እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ሊጠቁር ይችላል። ይህ አጣዳፊ የኩላሊት ብግነት ነው። ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት መጠለያ እከክ ቶሎ ስለሚዛመት፣ እከክን ንቆ መተው አይገባም።

ሁለተኛው አንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ በሥር ሰደድ ብግነት ሲዳከም ፊት ይነፋል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰውነት ይዝላል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሴቶችን ነው። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በክኒንም ይታከማል።

ሦስተኛው አለርጂ ነው። የካርቱምን ሀቡብ ያየ ሰው አቧራ ዓይንና አፍንጫን ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም። ከአቧራው ሌላ፣ ጥቁር እንዲወጣ ተብሎ ከሒና ጋር የሚቀላቀለው የፀጉር ቀለም አለ። በውስጡ ያለው ኬሚካል አንዳንዱን ሰው ፊቱንና ዓይኑን ያሳብጠዋል። የካርቱም ሐኪሞች ስለዚህ ቀለም መርዛማነት ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ጽፈዋል። በአፍ ከተወሰደ አንገትን አሳብጦ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ኩላሊትንም ይገድላል። ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

ከዚህ ሌላ በአንድ ወገን ብቻ የሚያብጥ ጉንጭ ብዙ ጊዜ የጥርስ መግል ነው።

መድኃኒቱ ራሱ ሲያሳብጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በ1948 አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች መገጣጠሚያዋ በብግነት የተያዘ አንዲት ሴት ላይ ኮርቲዞን ሞከረ፤ ሴትየዋም በቀናት ውስጥ መራመድ ቻለች። በ1950 ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱን ረዘም ላለ ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ፊታቸው እንደ ጨረቃ ድቡልቡል እያለ መጣ።

የኮርቲዞን ወገን የሆነው ዴክሳሜታዞን ሰውነታችን ራሱ ከሚሠራው ኮርቲዞል በግምት 25 እጥፍ ይበረታል። በ2020 በእንግሊዝ በተደረገ ትልቅ ጥናት በኮቪድ ታመው በመተንፈሻ መሣሪያ ከተያዙ ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ቀንሷል። እንግዲህ መድኃኒቱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ ሐኪም ሳያዝ፣ መጠኑ ሳይታወቅ፣ ለወራት ሲዋጥ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኤፕሪል 15 ቀን 2023) በቅዳሜ ሹር ዕለት ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በካርቱም የሴቶች ማስዋቢያ በሚሸጥባቸው ሱቆች የማወፈሪያ ክኒን በድብቅ ይሸጥ ነበር። ስሞቹ ቀልድ ይመስላሉ፤ «የጎረቤት ድንጋጤ»፣ «የዶሮ ጭን»፣ «እናቴ ጠረጠረችኝ» ይባሉ ነበር። የዜና ማሰራጫዎችም ዘግበውታል። በክኒኖቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው የኮርቲዞን ወገን መድኃኒት ነው።

ከሱዳናውያን ጋር አብረን ስንኖር ዲልካውንም ዱኻኑንም እንደለመድን ሁሉ፣ ይህም ወደ እኛ እህቶች ቢመጣ አይገርምም። ሻይ ስትሸጥ ወይም በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ፊቷ የጠቆረና የከሳ ልጅ፣ አንዲት ክኒን በሁለት ሳምንት ጉንጭ ትሞላለች ሲሏት እምቢ ማለት ይከብዳታል። ፎቶው ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ «ተመችቶሻል» ይባልላታል፤ እሷም ትቀጥላለች።

ይህ ሙላት ግን ሥጋ አይደለም፤ ውሃና ቦታውን የሳተ ስብ ነው። ፊትና ሆድ ሲያብጡ ክንድና ጭን ይሰልላሉ። ሆድ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሸንተረር ይወጣል፤ ቆዳ ትንሽ ሲነካ ይበልዛል፤ የወር አበባ ይዛባል። ስኳርና ግፊት ይመጣሉ፤ አጥንት ይሳሳል። ከሁሉም የሚያስፈራው ደግሞ ብግነትን ስለሚያፍን ሕመምን መደበቁ ነው። ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ሴትየዋ ግን ፊቷ ሞልቶ ጤነኛ ትመስላለች። ፊት የሚያቀሉ አንዳንድ ክሬሞችም የዚሁ ወገን መድኃኒት አለባቸው።

አንድ ነገር አጥብቀን እንንገራችሁ። ይህንን ክኒን ለሳምንታት የወሰደ ሰው «በቃ» ብሎ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲዞል መሥራት ትተው ስለሚከርሙ፣ በድንገት ሲቆም ማስመለስ፣ ራስን መሳትና ሞት ሊያስከትል ይችላል። በሐኪም ምክር ቀስ እያሉ መቀነስ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

ጦርነቱ በደረሰባቸው አካባቢዎች አብዛኛው የጤና ተቋም ሥራ እንዳቆመ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023ና በ2024 ደጋግሞ ተናግሯል። ከካርቱም ወጥተን ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ሌላም የተበተንን ብዙዎቻችን ሐኪም ስናጣ የሰይደሊያውን ወይም የጎረቤትን ምክር መያዛችን አይቀርም። ቢሆንም የሚቻል ነገር አለ።

• የጤና ባለሙያ ስታገኙ የሽንትና የግፊት ምርመራ ጠይቁ። ሁለቱም በርካሽ የሚሠሩ ናቸው፤ ብዙም ይናገራሉ።
• የምትወስዱትን ክኒንና ክሬም ከነመጠቅለያው ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን ባታውቁት እንኳ አሳዩ፤ አትፈሩ።
• ጨው ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። በማጊ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።
• እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን በየቀኑ አትዋጡ። ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ውሃም ያስቋጥራሉ።
• ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ፣ ልጅ አብጦ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ፣ ጉንጭ አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ ነፍሰ ጡር ፊቷና እጇ አብጦ ራሷን ካመማት ወይም ዓይኗ ከፈዘዘ፣ አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ።

ለአገር ቤት ቤተሰቦችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ፎቶ ስትልክ «ወፍረሻል፣ ተመችቶሻል» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? ምን ትበያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። የከሳ ፊት ላከች ብላችሁም አትዘኑባት። ለጉንጭ ብላ ክኒን የምትውጥ ልጅ ብዙ ጊዜ የምትውጠው እናንተ እንዳታዝኑ ብላ ነው።