ዘፈንን በዓይን፦ የኩዊን ባንድ የሙዚቃ ቪዲዮዎች

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ኩዊን በ1981 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ሥራዎችን ጎን ለጎን ለገበያ አቀረበ፤ ምርጥ ዘፈኖቹን የያዘ አልበም፣ የፎቶግራፍ መጽሐፍ እና «ግሬተስት ፍሊክስ» የተባለ የቪዲዮ ካሴት። ካሴቱ ባንዱ እስከዚያ ድረስ ያሠራቸውን ክሊፖች የሰበሰበ ነበር። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ በአሜሪካ ሥርጭት የጀመረው ገና በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ ክሊፕን ራሱን ችሎ የሚሸጥና የሚቀመጥ ሥራ አድርጎ መቁጠር ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ1991 ሁለተኛው ካሴት ተከተለ። በ2002 እና በ2003 ደግሞ «ግሬተስት ቪዲዮ ሂትስ» በሚል ርዕስ ሁለት የዲቪዲ ስብስቦች ወጡ።

የባንዱ አባላት ድምፃዊውና ፒያኒስቱ ፍሬዲ ሜርኩሪ፣ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ፣ ድራመሩ ሮጀር ቴይለር እና ቤዝ ጊታሪስቱ ጆን ዲከን ነበሩ። አራቱም ዘፈን ይደርሱ ስለነበር ሥራዎቻቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ክሊፖቹም እንደዚያው ናቸው። ስብስቡን ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር ግን ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ ነገር አገኛለሁ፦ ምርጦቹ ክሊፖች የተወለዱት ከጉድለት ነው። ገንዘብ ወይም ጊዜ ሲያጥር፣ አንዳንዴም ሰው ሲጎድል፣ ሐሳባቸው ይበረታል።

የሁሉም መሠረት «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ነው። በ1975 መጨረሻ ዘፈኑ ሲወጣ ባንዱ ለኮንሰርት ጉዞ እየተዘጋጀ ስለነበር በቢቢሲው የሙዚቃ ፕሮግራም «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ላይ በአካል መቅረብ አልተመቸውም። ቢቀርብስ፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀውንና መሐሉ በተደራራቢ ድምፅ የተሠራ ኦፔራ የሆነውን ዘፈን አራት ሰዎች መድረክ ላይ ቆመው እንዴት ሊያስመስሉት ይችሉ ነበር? ስለዚህ ለጉዞው በሚለማመዱበት በኤልስትሪ ስቱዲዮ፣ ከዳይሬክተር ብሩስ ጋወርስ ጋር አራት ሰዓት ያህል በወሰደ ቀረጻ ክሊፑን ሠሩ። ወጪው ከ5,000 ፓውንድ በታች ነበር። ከጨለማ ብቅ የሚሉት አራት ፊቶች ሚክ ሮክ ለ1974ቱ ሁለተኛ አልበማቸው ሽፋን ካነሳው ፎቶግራፍ የተወሰዱ ናቸው። የፍሬዲ ፊት እየተባዛ የሚርቀው ካሜራውን የራሱን ምስል ወደሚያሳየው ስክሪን በማዞር ነው። አንዱ ፊት በርካታ ሆኖ የሚታየው ደግሞ በሌንስ ብልሃት ነው፤ ኮምፒውተር አልነካውም። ዘፈኑ በእንግሊዝ ለ9 ሳምንታት በአንደኝነት ቆየ፤ የሙዚቃ ኩባንያዎችም አንድ ክሊፕ ለአንድ ዘፈን ምን ሊያደርግለት እንደሚችል በዓይናቸው አዩ።

ከዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ጋር የሠሩት የ1981ዱ «አንደር ፕሬዠር» የበለጠ ይገርማል። ዘፋኞቹን ለቀረጻ በአንድ ቦታ ማገናኘት አልተቻለም። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ማሌት ከድምፅ አልባ ፊልሞችና ከዜና ቀረጻዎች ላይ እየቆረጠ ቀጠላቸው፤ የተጨናነቀ ባቡር፣ የሚፈርስ ሕንፃ፣ የሚሳሳሙ ጥንዶች እየተፈራረቁ ያልፋሉ። ኩዊንም ቦዊም አንዴ እንኳ አይታዩም፤ የዘፈኑ ጭንቀት ግን ሙሉ በሙሉ ይሰማል። በአንጻሩ የ1984ቱ «ኢትስ ኤ ሃርድ ላይፍ» በአልባሳትና በድግስ የተጥለቀለቀ ነው። ዘፈኑ ልብ የሚሰብር ሆኖ ሳለ ጌጡ ስለሚሸፍነው፣ ከስብስቡ ደካማው እሱ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት አራቱም የሴት ልብስ ለብሰው የታዩበት «አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ» ወጣ። እንግሊዞች የሚወዱትን «ኮሮኔሽን ስትሪት» የተባለ ተከታታይ ድራማ እያስመሰሉ እንደሆነ ወዲያው ስለገባቸው ሳቁ። አሜሪካ ውስጥ ድራማው ስለማይታወቅ ክሊፑ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ባንዱ እዚያ የነበረውን ተወዳጅነትም ጎዳው። ለእኔ ግን የስብስቡ ደፋሩ ሥራ ነው። ፍሬዲ ለባሌቱ ክፍል የታወቀበትን ጢሙን ተላጭቶ ከሮያል ባሌት ዳንሰኞች ጋር ሲደንስ፣ ለአንድ ዘፈን ይህን ያህል የሚደክም ድምፃዊ ስንት ይኖራል ያሰኛል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን ከሁሉም የሚቀርበው «ሬዲዮ ጋ ጋ» ነው። ክሊፑ ከፍሪትዝ ላንግ የ1927 ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ትዕይንቶችን ተውሷል። በቀረጻው የተሳተፉት የባንዱ አድናቂዎች ማኅበር አባላት ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው እኩል ያጨበጭባሉ። ሐምሌ 13 ቀን 1985፣ በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአገራችን በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ርዳታ ለማሰባሰብ «ላይቭ ኤይድ» ሲካሄድ ኩዊን በለንደኑ ዌምብሊ ስታዲየም ለ20 ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ከ70,000 በላይ ሕዝብ ያንኑ ጭብጨባ እንደ አንድ ሰው አጨበጨበ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያለማመደው ክሊፑ ነው። ያ ጭብጨባ ስለ ወገኖቻችን በተጠራ መድረክ መሰማቱን ሳስብ ክሊፑን ከሌሎቹ ለይቼ እወደዋለሁ።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማየት ይከብዳል። በ1991 ፍሬዲ በጽኑ ታሞ ስለነበር «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» የተሠራው ከ1980ዎቹ ክሊፖችና ኮንሰርቶች በተቆራረጡ ምስሎች ነው። «ዚዝ አር ዘ ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» ደግሞ በዚያው ዓመት ግንቦት ተቀረጸ፤ መክሳቱ እንዳይጎላ በጥቁርና ነጭ ቀረበ። በቀረጻው ዕለት በቦታው ያልነበረው ብራያን ሜይ ኋላ ነው የተጨመረው። ፍሬዲ እንደ ድሮው አይሮጥም፤ ቆሞ ይዘፍናል፣ እጁን ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ በመጨረሻም ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል። ኅዳር 24 ቀን 1991 በ45 ዓመቱ አረፈ።

ስብስቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ በዓመት ቅደም ተከተል ተመልከቱት፤ ከ1975ቱ ክሊፕ ጀምራችሁ በ1991ዱ ጨርሱ። ሁለቱ ዲቪዲዎች ከ1980ዎቹ ስለማያልፉ የመጨረሻዎቹን ክሊፖች ለብቻ መፈለግ ይኖርባችኋል። ክሊፕ ለምትሠሩ ወጣት ባለሙያዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ፦ ገንዘብ እስኪሞላ አትጠብቁ፤ የዘመኑ ትልቁ ክሊፕ አንድ የልምምድ ቦታ፣ አራት ሰዓትና አንድ ጥሩ ሐሳብ በቅቶታል።