ከካርቶን የወጣ ስዊች ማንን ያምናል?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ስዊች ተገዛ እንበል። ስዊች የቢሮውን ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች በኬብል የሚያገናኝ ሣጥን ነው። ከካርቶኑ አውጥታችሁ ብትሰኩት ማገናኘቱንስ ያገናኛል። ግን የትኛው ፖርት የፋይናንስ ክፍል፣ የትኛው የእንግዳ እንደሆነ፣ ማን ሊያዘው እንደሚችል አያውቅም። ይህን የሚነግረው ባለሙያ ያለው ባሕር ዳር ነው፤ በመኪና ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ነገ ደግሞ ቡሬ፣ ከነገ ወዲያ ደምበጫ ይጠራል።

በ1990ዎቹ የተጀመረው ወረዳኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነው። ይህን በሚያህል ኔትወርክ ለእያንዳንዱ ሣጥን ሰው መላክ ስንት ቀንና ስንት ነዳጅ እንደሚበላ አስቡት። ታዲያ ስዊቹ ራሱ ጠይቆ ቢማርስ?

እንዴት ይማራል?

ነገሩ እንዲህ ነው፦

1. ስዊቹ መብራት ሲያገኝ መጀመሪያ ቋሚ ማኅደረ ትውስታውን ይፈትሻል። የተቀመጠ መመሪያ ካለ እሱን አንብቦ ሥራ ይጀምራል።

2. ከሌለ ወደ ኔትወርኩ ይጣራል። ገጠር እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚለው ማለት ነው። ጥሪው 255.255.255.255 ወደሚባለው አድራሻ ይሄዳል፤ ትርጉሙ «ለሁላችሁም» ነው። በጥሪው ውስጥ ማክ አድራሻው፣ ማለትም ፋብሪካው የሰጠው መለያ ቁጥር አለ።

3. ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት የሚሰጥ ሰርቨር ይመልስለታል፦ «አይፒ አድራሻህ ይኸውልህ፤ መመሪያህም እዚያ ሰርቨር ላይ በዚህ የፋይል ስም ተቀምጧል።»

4. ስዊቹ ፋይሉን አውርዶ እንደተጻፈው ራሱን ያዋቅራል።

ሰርቨሩ ባሕር ዳር ከሆነ አንድ ችግር አለ፤ «ለሁላችሁም» የሚለው ጥሪ ራውተርን አያልፍም። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ያለው ራውተር ጥሪውን ተቀብሎ እንዲያደርስ ቀድሞ መታዘዝ አለበት። ራውተሩንና መስመሩን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው አይቀርም ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ፋይሉ በቋሚ ማኅደረ ትውስታ ከተቀመጠ ችግር የለም፤ መብራት ሲመጣ ስዊቹ ከራሱ ያነባል። በጊዜያዊው ላይ ብቻ ከቀረ ግን መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስዊቹም እንደ አዲስ «ቤቶች!» ይላል። ያን ጊዜ መስመሩ ከተቋረጠ መላሽ የለም።

ትልቁ ጥያቄ

አሁን ደረጃ 2ን መልሳችሁ እዩት። ስዊቹ የሚጣራው ለሁሉም ነው፤ የመለሰለትንም ያምናል። አንድ ተንኮለኛ ላፕቶፑን ሰክቶ ከእውነተኛው ሰርቨር ቀድሞ ቢመልስ የራሱን መመሪያ ሊያስጭነው ይችላል።

በሌላ መንገድ ቢሆንም፣ ይህን የመሰለ እምነት ጉዳት አድርሷል። ሲስኮ አዳዲስ ስዊቾችን ከሩቅ ለማዋቀር የሠራው ስማርት ኢንስቶል «ማን ነህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ትእዛዝ ይቀበል ነበር። በብዙ ቦታ ሥራው ካለቀ በኋላም ሳይዘጋ፣ ለኢንተርኔት ተጋልጦ ቀረ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. መጨረሻ አጥቂዎች በዚህ በር ገብተው የስዊቾችን መመሪያ አጠፉ። ኢራን ውስጥ ብቻ 3,500 ያህል ስዊቾች መጎዳታቸውን የአገሪቱ ባለሥልጣናት ተናገሩ።

መፍትሔው ማንነትን ማረጋገጥ ነው። የኢንተርኔት ደንቦችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ የሚሆን ደንብ አሳትሟል። በዚህ ደንብ የሚሠራ ስዊች መመሪያውን የሚቀበለው ዲጂታል ፊርማ ካለው፣ ወይም ማንነቱን አረጋግጦ ካመነው ሰርቨር ከመጣ ብቻ ነው። ሰው አስመስሎ ሊመልስለት ይችላል፤ ፊርማውን ግን ማስመሰል አይችልም።

እናንተም ሞክሩት፦ የስልካችሁን ዋይፋይ ከፍታችሁ የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ ዝርዝር እዩ። እዚያ የምታዩትን አይፒ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ስልካችሁ ያገኘው እንደ ስዊቹ «ቤቶች!» ብሎ ነው። ካፌ ውስጥ ስትገናኙ የሚመልስለት ማን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ?