ነርሶችን በሥራቸው የሚያጸናቸው ምንድር ነው?

አንድ ሆስፒታል ሕንፃው ቢያምር፣ መድኃኒቱ ቢሟላ፣ ሐኪሙም ቢበረታ፣ ሌሊቱን በሕሙማን አልጋ አጠገብ የምትቆም ነርስ ካጣ የሥራው መሠረት ተናግቷል ማለት ነው። አንዲት ነርስ ሥራዋን ትታ ስትሄድ የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በብዙ ዓመት ያካበተችው ልምድ አብሯት ይሄዳል። የቀሩትም ጓደኞቿ የእርሷን ድርሻ ጨምረው ስለሚሸከሙ፣ በተራቸው መሄድን ያስባሉ።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያነሣው የደመወዝን ማነስ ነው። ይህም እውነት ነው፤ ቤተ ሰብ በምስጋና ብቻ አይተዳደርምና። ዳሩ ግን ደመወዝ ብቻውን ችግሩን እንደማያስወግድ በአሜሪካ የተደረገው ምርመራ ያስረዳል። በዚያ አገር የነርስ እጥረት በበረታበት ጊዜ፣ ነርሶችን ስበው ማቆየት የቻሉ 41 ሆስፒታሎች ተመርጠው ተመረመሩ፤ ውጤቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ታተመ። ማግኔት ብረትን እንደሚስብ ሁሉ እነርሱም ነርሶችን ስለሚስቡ «ማግኔት ሆስፒታሎች» ተባሉ። በእነዚህ ቤቶች የነርሶች አለቃ የበታቾቿን ቃል ትሰማለች፤ ነርሶቹ በሙያቸው ጉዳይ ላይ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ የሥራው ሰዓት ከቤት ኑሯቸው ጋራ እንዲስማማ ይደረጋል፤ የትምህርትና የዕድገትም በር ተከፍቶላቸዋል።

ሁለተኛው ነገር የሸክሙ ብዛት ነው። ሊንዳ ኤይከን የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው በፔንሲልቫኒያ ግዛት 168 ሆስፒታሎችን መርምረው በ2002 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር፣ ነርሷ በሥራ ብዛት የመዛል ዕድሏ በ23 በመቶ፣ በሥራዋ ቅር የመሰኘት ዕድሏም በ15 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ መጨመሩ ነው። ስለዚህ የነርሷ መድከም የነርሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ የካሊፎርኒያ ግዛት በ1999 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ የሕሙማኑን ቁጥር ወሰነ፤ ሕጉ በ2004 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሎ፣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በተራ የሕክምና ክፍል አንዲት ነርስ ከአምስት በሽተኞች በላይ እንዳትይዝ ተደረገ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በ2023 ዓ.ም. በዓለም የጎደሉት ነርሶች 5.8 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበሩ ተመልክቷል። ሀብታሞቹ አገሮች ጉድለታቸውን ለመሙላት ከድሆቹ ይወስዳሉ፤ በብዙ ድካም ያስተማረ አገርም ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግዲህ የሆስፒታል አስተዳዳሪ የመልቀቂያ ማመልከቻ ሲቀርብለት፣ «ስለ ምን ትሄጃለሽ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ «ትናንት ሌሊት ስንት በሽተኛ ብቻዋን ጠበቀች? ስትቸገርስ ማን ሰማት?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ መልሱን ከራሱ ክፍሎች ያገኘዋል።