በቁጥር የሚመራ መንገድ

ሰው ከቀዬው ሲርቅ መንገድ ይጠፋዋል። መገንጠያ ላይ ይቆማል። ወደ ግራ ልሂድ ወይስ ወደ ቀኝ ይላል። የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ ጉድ ፈላ። ታፔላ ቢተከልም፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ዝም ያለ እንጨት ነው።

ስለዚህ ነገር በክፍላችን ስንነጋገር አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ፊደሉ ገና ያታግለኛል፤ ቁጥሩን ግን አውቄዋለሁ። ቁጥር ብቻውን መንገድ ያሳያል ወይ?» ብለው ጠየቁን። መልሱ ቶሎ አልመጣልንም። ኋላ ግን የቤልጂየም ብስክሌተኞች ትዝ አሉን።

ቤልጂየም በአውሮፓ ያለች ትንሽ አገር ናት። ሊምበርግ በሚባለው ክፍለ ሀገሯ ብዙ ሰው የድንጋይ ከሰል እየቆፈረ ይኖር ነበር። የድንጋይ ከሰል እንደ እንጨት የሚነድ ጥቁር ድንጋይ ነው። የመጨረሻው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1992 ተዘጋ።

ሁጎ ቦለን የሚባሉ ሰው በዚያ የማዕድን መሐንዲስ ነበሩ። ከመሬት በታች ፀሐይ የለም፤ ዛፍ የለም፤ ተራራ የለም። መንገዱ ግን እንደ ዛፍ ሥር ይከፋፈላል። ታዲያ ሠራተኛው እንዳይጠፋ በየመገንጠያው ቁጥር ይሰጥ ነበር። እሳቸው ይህንኑ ዘዴ ከጉድጓድ አውጥተው ለብስክሌት መንገድ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 መንገዱ ተከፈተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መገንጠያ ቁጥር አለው። አንድ ሰው 12 ላይ ቆሟል እንበል። ታፔላው ወደ 47 በዚህ፣ ወደ 30 በዚያ ብሎ በቀስት ያሳየዋል። ከቤቱ ሲወጣ ካርታ አይቶ በቁራጭ ወረቀት 12፣ 47፣ 30፣ 12 ብሎ ይጽፋል። ይህን ወረቀት የያዘ ሰው የት ይደርሳል? እስቲ በጣታችሁ ተከተሉት። ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል!

ድሮ ብስክሌተኛው ሌላ ሰው የቀየሰለትን መንገድ ብቻ ይከተል ነበር። አሁን ደከመኝ ካለ ያሳጥራል፤ ካሻው ያስረዝማል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው እየወረደ አያነብምና ቁጥሩ በጉልህ ተጽፏል፤ በሰማያዊ ላይ ነጭ ነው። የአገሩ ሰው ደችም ፈረንሳይኛም ይናገራል፤ 47 ግን ለሁሉም 47 ነው። ዘዴው ወደ ሆላንድም ተሻግሯል።

እኛ ከተማ ውስጥ ያየናቸው ካርታዎች ጽሑፍ ይበዛባቸዋል። ተምረናል የምንለውም እንጠፋባቸዋለን።

በማግሥቱ ተማሪዎቹ የቀበሌያቸውን መንገድ በጠመኔ ሣሉ። እኚያ እናት ምንጩን 1፣ ወርካውን 2፣ ወፍጮ ቤቱን 3 አሉት። አንድ አባት ግን፣ «የለም፣ 1 መሆን ያለበት ወፍጮ ቤቱ ነው» ብለው ተነሡ። እስካሁን አልተስማሙም።