የምስል ፋይልን ዓይነት ለመለወጥ ምስሉን ለሌላ ወገን መላክ አያስፈልግም

የትምህርት፣ የሥራና የጉዞ ማመልከቻዎች በኢንተርኔት አማካይነት መቅረብ ከጀመሩ ወዲህ የፓስፖርት፣ የመታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ምስሎችን ተቀባዩ አካል በሚፈልገው የፋይል ዓይነት አዘጋጅቶ መላክ የተለመደ ተግባር ሆኗል። ምስሉ ከተፈለገው ዓይነት ውጪ ሲሆን ተጠቃሚው በነጻ ወደሚያገለግሉ የመለወጫ ድረ ገጾች ያመራል። ይሁንና በርካታ ድረ ገጾች ምስሉን የሚለውጡት ወደ ራሳቸው ሰርቨር ከወሰዱ በኋላ በመሆኑ፣ የግለሰቡ የማንነት ማስረጃ ቅጂ በማያውቀው ወገን እጅ ሊቀር ይችላል። ምስሉ ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ እዚያው ብራውዘር ውስጥ እንዲለወጥ ማድረግ ግን ይህንን ስጋት ያስቀራል።

የፋይል ዓይነቶቹ ብዛት የቴክኖሎጂው ዕድገት ውጤት ነው። ለፎቶግራፍ በስፋት የሚያገለግለው ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ጥራት ሳይቀንስ ምስልን የሚያስቀምጠው ፒኤንጂ በ1996፣ የጉግል ኩባንያ ያቀረበው ዌብፒ ደግሞ በ2010 ይፋ ሆነዋል። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአይፎን ካሜራዎች ፎቶግራፍን ሄይክ በተሰኘው ዓይነት እንዲያስቀምጡ በማድረጉ፣ በእነዚህ ስልኮች የተነሱ ምስሎች በበርካታ የማመልከቻ ቅጾች ዘንድ ተቀባይነት ያጣሉ።

ለአብነት ያህል በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካ የዲቪ ሎተሪ መመሪያ ለዓመታት ይጠይቅ የነበረው መጠኑ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ የጄፔግ ፎቶግራፍ ነበር። ይህንን መስፈርት ለማሟላት አመልካቾች ምስላቸውን መለወጥና ማሳነስ ግድ ይሆንባቸው ነበር።

በብራውዘር ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ የሚከናወነው በቀላል ቅደም ተከተል ነው። ተጠቃሚው ምስሉን ሲመርጥ ብራውዘሩ ፋይሉን በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያነበዋል፤ ቀጥሎም ምስሉን ፈትቶ በማይታይ ሰሌዳ ላይ ይስለዋል፤ በመጨረሻም በተመረጠው ዓይነት እንደ አዲስ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ብራውዘሩ በራሱ ሊያነባቸው የማይችላቸውን እንደ ሄይክ ያሉ ዓይነቶች ለመፍታት፣ ድረ ገጹ ዌብአሴምብሊ በተሰኘው ቴክኖሎጂ የተዘጋጀ አነስተኛ ፕሮግራም ወደ መሣሪያው ይልካል። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ ወደ ምስሉ ይመጣል እንጂ ምስሉ ወደ ፕሮግራሙ አይሄድም።

ምስሉ በዚህ መንገድ እንደ አዲስ ሲጻፍ ሌላም ጥቅም አለው። በስልክ የተነሳ ፎቶግራፍ የተነሳበትን ቀን፣ የስልኩን ዓይነትና አንዳንዴም ቦታውን የሚገልጽ ስውር መረጃ ይይዛል። ይህ መረጃ በብራውዘሩ ሰሌዳ ላይ የሚሳል ባለመሆኑ ወደ አዲሱ ፋይል አይሻገርም። የመረጃውን ክብደት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 የተከሰተው ሁኔታ ያሳያል። የቤሊዝ ፖሊስ ለጥያቄ ይፈልጋቸው የነበሩት የሶፍትዌር ባለሀብት ጆን ማካፊ በጓቲማላ መኖራቸው የታወቀው፣ ቫይስ የተሰኘው መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ፎቶግራፍ ውስጥ በተገኘ የቦታ መረጃ አማካይነት ነበር።

በሌላ በኩል የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የዴንቨር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ወንጀለኞች በነጻ የፋይል መለወጫዎች ስም ጎጂ ሶፍትዌር እንደሚያሰራጩና ከቀረቡላቸው ፋይሎች የግል መረጃ እንደሚመዘብሩ አስታውቋል።

አንድ ድረ ገጽ ምስሉን ወደ ውጭ የማይልክ መሆኑን ለማጣራት ቀላል ዘዴ አለ። ተጠቃሚው ድረ ገጹን በብራውዘሩ የግል መስኮት ከከፈተ በኋላ የኢንተርኔት ግንኙነቱን ያቋርጥና መታወቂያ ባልሆነ ተራ ምስል ይሞክራል። ለውጡ ያለ ግንኙነት ከተከናወነ ሥራው የሚካሄደው በመሣሪያው ላይ ነው። ትክክለኛውን ሰነድ በሚለውጥበት ጊዜም ግንኙነቱን አቋርጦ መሥራትና መልሶ ከመቀጠሉ በፊት መስኮቱን መዝጋት ይኖርበታል።

ከዚህም ሌላ ያለ ድረ ገጽ መሥራት ይቻላል። በዊንዶውስ የሚገኘው ፔይንትና በማክ የሚገኘው ፕሪቪው ምስልን በሌላ ዓይነት ያስቀምጣሉ፤ የአይፎን ካሜራም በማስተካከያው አማካይነት ከመጀመሪያው በጄፔግ እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል። ይሁን እንጂ ጄፔግ በተደጋጋሚ ሲጻፍ የምስሉ ጥራት ስለሚቀንስ ዋናውን ቅጂ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚይዙ ወገኖች ኃላፊነት ምን እንደሆነ ደንግጓል። ሆኖም በሌላ አገር ሰርቨር ላይ የቀረን የፓስፖርት ምስል ተከታትሎ ማስመለስ አዳጋች በመሆኑ፣ ተጠቃሚዎች ሰነዳቸው ከእጃቸው ከመውጣቱ አስቀድሞ ሊጠነቀቁ ይገባል።