«ተጠናቅቋል» ሲላችሁ ከፍታችሁ እዩ

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሆሳዕና አንዲት እህት ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። ቡናው ገና ሳይፈላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባለቤቷ እንደ ብዙዎቹ የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ነው የሚሠራው። የሠርጋቸው ቪዲዮ፣ የልጃቸው የመጀመሪያ እርምጃ፣ ያረፉት አያቷ በሀዲይሳ የመረቋቸው ድምፅ፣ ሁሉም ያለው በስልኳ ላይ ነበር።

ስልኩ ሞላ። እሷም ፍላሽ ሰክታ፣ በጫነችው የፋይል ማዛወሪያ አፕ ሁሉንም አዛወረች። «ተጠናቅቋል» አላት። ፍላሹን ነቅላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከወር በኋላ ባለቤቷ «የልጁን ቪዲዮ ላኪልኝ» ሲላት ከፈተችው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፎቶዎች አሉ። የቀሩት ግን ስማቸው ብቻ ነው፤ መጠናቸው 0 ኪሎባይት።

«እንዴት ታጠፊዋለሽ?» አላት። ስልኩን ዘጋችበት። ሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ያጠፋችው እሷ ስላልሆነች ነው። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ፋይል ማዛወር ሁለት ሥራ ነው፤ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ቀጥሎ ዋናውን መደምሰስ። ፍላሹ ሲሞላ ወይም ገመዱ ሲነቃነቅ ስልኩ ለአፑ «አልተጻፈም» ብሎ ይነግረዋል። በደንብ የተሠራ ሶፍትዌር እዚህ ላይ ይቆማል፣ ለእኛም ይነግረናል፣ ዋናውንም አይነካም። በግዴለሽነት የተሠራው መልሱን ሳይሰማ ያልፍና ይደመስሳል። የእሷ ፍላሽ መሃል ላይ ሞልቶ ነበር፤ የነገራት ግን የለም።

ይህ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ፣ አንድ ሰው በስህተት በሰጠው ትእዛዝ አብዛኛው የፊልሙ ሥራ ተደመሰሰ። መጠባበቂያው ሲፈለግ እሱም ሳይሠራ ሰንብቶ ተገኘ፤ ማንም አላወቀም ነበር። ፊልሙን ያተረፈችው ጋሊን ሰስማን ናት። ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ ስለነበር ቅጂው በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ተገኘ። አራስ ቤት ምን እንደሚያተርፍ አይታወቅም!

ስለዚህ እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ «ከት» ወይም «ሙቭ» የሚለውን ተዉት፤ «ኮፒ» በሉ። ከዚያ ፍላሹን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩና ከመጨረሻዎቹ ፋይሎች ጥቂቱን ክፈቱ፣ ቪዲዮውንም እስከ መጨረሻው አሂዱት። የፎልደሮቹን መጠን አስተያዩ። ከስልኩ የምትደመስሱት ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒውተር የላክንበትን ሁሉ ወዲያው በፍላሹ ላይ ላይጽፍ ስለሚችል፣ ከመንቀላችሁ በፊት «ኢጀክት» በሉ። በረጅም የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ፋት 32 በሚባለው መንገድ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ባዶ ቦታው ምንም ያህል ቢሆን 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ከሜሞሪ ካርድ ላይ ፋይል ከጠፋባችሁ ወዲያው አውጡት፤ አዲስ ፎቶ አታንሱበት። ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ባለሙያ ሊመልሰው የሚችልበት ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ ለባለቤቷ በስልክ አስረዳሁት። ዝም አለ፤ ከዚያ «እሷን አቅርቡልኝ» አለኝ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። የልጁን እርምጃ ቀደም ሲል ልካለት ስለነበር በአሮጌ ስልኩ ላይ አገኘው። ሠርጉን የቀረጸው የዱራሜው ልጅም ዋናው ቅጂ እጁ ላይ እንዳለ ነግሯቸዋል። የአያቷን ምርቃት ግን ለማንም አልላከችውም ነበር፤ አልተገኘም።