የየካ እና የእንጦጦ የዙር ጉዞ

የየካ እና የእንጦጦ የዙር ጉዞ ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከመገናኛና ከሾላ አካባቢ ተነስቶ የየካን ኮረብታ በመውጣት፣ የእንጦጦን ሰንሰለት ጠርዝ ይዞ ወደ ምዕራብ ከሄደ በኋላ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ከተማው የሚመለስ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ነው። በይፋ የተሰየመና ምልክት የተተከለበት መንገድ አይደለም። እንጨት ለቃሚዎች፣ ምእመናን፣ እረኞችና ሯጮች ለየራሳቸው ጉዳይ ያወጧቸውን ቀጫጭን መንገዶች በማገናኘት የሚሄዱበት ነው። ርዝመቱ እንደተመረጠው መንገድ ቢለያይም ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነስቶ 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል።

ከቦሌ፣ ከገርጂ ወይም ከሲኤምሲ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው በየቀኑ የሚያየው ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ ይኸው ሰንሰለት ነው። ብዙ የከተማው ነዋሪ ዕድሜውን በሙሉ ከታች እያየው ይኖራል እንጂ በላዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተው ጥቂት ነው።

ስሙ

«የካ» የሚለው መጠሪያ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በአካባቢው ይኖር ከነበረው የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ፣ ከኤካ፣ የመጣ ነው። ጉለሌም እንዲሁ የጎሳ ስም ነው። በመሆኑም ተጓዡ ከየካ ተነስቶ ወደ ጉለሌ አቅጣጫ ሲሄድ ከአንዱ የቀድሞ የጎሳ ይዞታ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ሁለቱም የክፍለ ከተማ ስሞች ናቸው።

ድንጋዩ እና አቀማመጡ

ሰንሰለቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ሲሆን የተሠራው በአብዛኛው ራዮላይትና ትራካይት ከሚባሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ነው። ዕድሜያቸው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ከታች በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ከዚህ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው። በሌላ አነጋገር ከተማው የተሠራው በአሮጌ ተራራ እግር ሥር በፈሰሰ አዲስ ድንጋይ ላይ ነው። የደቡቡ ፊት በድንገት የሚያሽቆለቁለው ሰንሰለቱ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳር አካባቢ የሚገኝና መሬቱ በስንጥቆች የተቆራረጠ በመሆኑ ነው። የፍልውሃ ሙቅ ምንጭም ከእንዲህ ዓይነት ስንጥቅ የሚወጣ ነው።

ሰማዩ በጠራበት ቀን ከጠርዙ ላይ በደቡብ ምሥራቅ የረር ተራራ፣ በደቡብ በሩቁ ዝቋላ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምዕራብ ወጨጫ ይታያሉ። ሁሉም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በመካከላቸው ባለው ሜዳ ላይ በቀላሉ የሚለየው የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከልደታ ወደዚያ ሲዛወር አካባቢው በአብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር።

ሁለት ውሃዎች

የዚህ ጠርዝ ትልቁ ነገር ለዓይን አይታይም። የእንጦጦ ሰንሰለት የዓባይና የአዋሽ ተፋሰሶች ወሰን ነው። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ወደ ሙገር ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ገብቶ በሱዳንና በግብፅ አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በሌሎች የከተማ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ጠርዙ ላይ ቆሞ አንድ ኩባያ ውሃ በሁለት አቅጣጫ የሚደፋ ሰው ግማሹን ለአሌክሳንድሪያ፣ ግማሹን ለአፋር በረሃ ልኳል ማለት ነው።

ይህ በሰንሰለቱ ሙሉ ርዝመት አይሠራም። በምሥራቁ ጫፍ፣ ከየካ ኮረብታ በስተ ጀርባ ያለው ውሃ ወደ ለገጣፎ አቅጣጫ ሄዶ ተመልሶ ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል። የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምባቸው የለገዳዲና የድሬ ግድቦች የሚገኙትም በዚሁ በምሥራቁ ተፋሰስ ነው።

ጉዞው

ከመገናኛ ወይም ከኮተቤ መንገድ የሚጀምረው አቀበት ቶሎ ይከብዳል። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው የባሕር ዛፉ ጥላ ሲጀምር መሬቱ ቀይ አፈርና ተንሸራታች ደረቅ ቅጠል ይሆናል።

የመጀመሪያው ትልቅ ማረፊያ ዋሻ ሚካኤል ነው። ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ጣሪያው በከፊል ፈርሷል። በአካባቢው ትውፊት የአብርሃና አጽብሐ ሥራ እንደሆነ ይነገራል፤ ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ወዲህ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ እንደተፈለፈለ ይገምታሉ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከሚገኘው ከአዳዲ ማርያም ጋር ሲነጻጸር፣ የዐለት ፍልፍል አሠራር በላስታና በትግራይ ብቻ ያልተወሰነ መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለአዲስ አበባ ታሪክ ያለው ትርጉም ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች ሲባል ቦታው ከዚያ በፊት ባዶ የነበረ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እዚህ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ከከተማዋ ብዙ መቶ ዓመት የሚበልጥ የመሮ ምልክት በዓይኑ ያያል።

ከዋሻ ሚካኤል ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለው ክፍል የጉዞው ልብ ነው። መንገዱ አንዴ በጠርዙ ላይ፣ አንዴ ደግሞ በጅረቶቹ መነሻ ጥልቅ ገደሎች ዙሪያ ይሄዳል። ርቀቱ በካርታ ላይ አጭር ቢመስልም እያንዳንዱን ገደል መዞር ጊዜ ይወስዳል። ስልክ ላይ ያለ ካርታን ብቻ ማመን እዚህ ያሳስታል፤ በነፃ የሚገኘው የሳተላይት የከፍታ መረጃ በአንድ ነጥብ 30 ሜትር ያህል ስፋት የሚሸፍን ስለሆነ ጠባብ ገደል በሁለት ነጥቦች መካከል ሊጠፋ ይችላል። ከላይ የተነሳው ፎቶግራፍም የሚያሳየው የዛፎቹን ጫፍ እንጂ ከሥራቸው ያለውን መንገድ አይደለም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚሰጠው አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሻላል።

በምዕራቡ ክፍል የእንጦጦ ፓርክ እና እንጦጦ ማርያም ይገኛሉ። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተ ሲሆን የተነጠፉ መንገዶች፣ የብስክሌትና የፈረስ መጓጓዣ፣ ካፌዎችም አሉት። ከጫካው ቀጭን መንገድ ወጥቶ በድንገት አስፋልት ላይ መገኘት የተለየ ስሜት ይሰጣል። እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በሰንሰለቱ ከፍተኛ ክፍል ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። መመለሻው በኪዳነ ምሕረት ጸበል በኩል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርደው ቁልቁለት ሲሆን ከዚያ በታክሲ ወደ መነሻው መመለስ ይቻላል።

ባሕር ዛፉ

ተጓዡ ቀኑን ሙሉ የሚሄድበት ጫካ የተፈጥሮ ጫካ አይደለም። ሰንሰለቱ ቀድሞ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የበዛበት ነበር። ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ባደረጉበት ጊዜ፣ በኋላም አዲስ አበባ ስትስፋፋ፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆነው እንጨት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። እጥረቱ እጅግ የከፋ ስለነበር ምኒልክ ዋና ከተማውን በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን እንደገና ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ገብቶ በፍጥነት ተስፋፋ። ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ራሱ እንደገና ማቆጥቆጡ ለማገዶ ተመራጭ አደረገው።

ዋጋውን የሚከፍለው አፈሩ ነው። በጥቅጥቅ ባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ በደንብ አይበቅልም፤ የወደቀው ቅጠል ደግሞ ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ የሐምሌ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ባዶ መሬትን ነው። በጠርዙ ላይ የሚታዩት ጥልቅ ቦዮች ከዚህ የመጡ ናቸው፤ በእነሱ የሚወርደው ደራሽ ውሃና ደለል ደግሞ ከታች በወንዞቹ ዳር የሠፈሩትን ሰዎች ቤት ያንኳኳል። በአንዳንድ ቦታዎች አገር በቀል ዛፎች እየተተከሉ ነው። ጽድ ግን እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም።

መንገዱን የሠሩት ሰዎች

ከንጋት ጀምሮ በቁልቁለቱ ላይ የሚገናኙት አብዛኞቹ ሰዎች ከፍተኛ የእንጨት ወይም የቅጠል ሸክም በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ወገባቸውን አጉብጠው ስለሚሄዱ የሚያዩት መሬቱን ነው፤ በጠባብ መንገድ ላይ ዳር ይዞ ማሳለፍ የተጓዡ ግዴታ ነው። ከዚህ ሥራ የወጡ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው በሽመና የሚተዳደሩበት ሁኔታም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢስፋፋም ሸካሚዎቹ አልጠፉም፤ መብራት ሲጠፋም ሆነ የከሰል ዋጋ ሲወደድ እንጨት ይፈለጋል።

የእግር ጉዞ ለመዝናኛ በተለመደባቸው አገሮች ታሪኩ ተቃራኒ ነው። በእንግሊዝ ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ በአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ጠርዝ ላይ የሚሄዱ ዝነኛ የዙር መንገዶች አሉ። የእነዚያ አገር ሠራተኞች ለባለርስቶች አደን በተከለለው መሬት ላይ የመሄድ መብት ለማግኘት በ1932 እ.ኤ.አ. በኪንደር ስካውት በጅምላ ሰልፍ ወጥተው አንዳንዶቹ ታስረዋል። እዚያ ተጓዦቹ መንገዱን ለራሳቸው አስከፈቱ። በየካና በእንጦጦ ግን መንገዱ ቀድሞም ክፍት ነበር፤ የከፈቱትም ለመዝናናት ያልወጡ ሰዎች ናቸው፤ ተጓዡ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ሯጮቹም ቢሆኑ ከእሱ ይቀድማሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጨምሮ ብዙ የአገሪቱ ሯጮች በዚህ ተራራ ላይ ልምምድ አድርገዋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ እዚህ የለመደ ሳንባ ቆላ ሲወርድ ይቀለዋል።

ለተጓዥ

ምርጡ ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው፤ መሬቱ አረንጓዴ፣ አየሩም የጠራ ይሆናል። በክረምት ጭጋግ ጠርዙን ስለሚሸፍነውና ጭቃው ስለሚያንሸራትት፣ ከሰዓት በኋላም መብረቅ ስለሚኖር አይመከርም። በጫካው ውስጥ ዝርፊያ ያጋጠማቸው ሰዎች ስላሉ ብቻን መሄድ ጥሩ አይደለም፤ ጅብም ስላለ ከመምሸቱ በፊት መውረድ ያስፈልጋል። ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጡ ምእመናን ስለሚበዙ የመጀመሪያው አቀበት ሰው አይጎድለውም። ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ መያዝ ይገባል፤ የወንዞቹ ውሃ ከላይ ንጹሕ ቢመስልም አይጠጣም። ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ ቅጥር ሲገቡ ጫማ የት እንደሚወለቅና ፎቶግራፍ መነሳት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የመንገዱ ሁኔታ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየካ ኮረብቶች ላይ «የጫካ ፕሮጀክት» በመባል የሚታወቅ ሰፊ ግንባታ ተጀምሯል። አዳዲስ መንገዶች በጠርዙ ላይ የተቆረጡ ሲሆን ቀድሞ በነፃ ይታለፍባቸው የነበሩ ቦታዎች ታጥረዋል፤ ጥበቃም አላቸው። በዚህ ምክንያት በየካና በእንጦጦ መካከል ያለው ክፍል ሁልጊዜ አይታለፍም፤ ዙሩም ሊቋረጥ ይችላል። በዚያ በኩል እንጨት ሲያወርዱ የነበሩ ሴቶች ደግሞ ረጅሙን ዙሪያ ይሄዳሉ። መንገዱ ተዘግቶ ያገኘ ተጓዥ ዋሻ ሚካኤልን አይቶ በመጣበት ኮተቤ መውረድ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ በኪዳነ ምሕረት መመለስ ይችላል።